310 ሰዓት፦ የፓምፕ ጣቢያችንን ቁጥጥር ስለ ነደፈልን ቢሮ

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ባለው የአትክልት እርሻችን ሦስት የውኃ መሳቢያ ፓምፖች አሉን። ዓምና በእጅ ከማስነሣት ወደ ፒኤልሲ (ማሽንን በተጻፈለት ፕሮግራም የሚያዝ አነስተኛ ኮምፒውተር) ቁጥጥር ልናዛውራቸው ስንነሣ ከሁለት ቢሮዎች የንድፍ ዋጋ ጠየቅን። አንደኛው «ከመሣሪያው ዋጋ አሥር በመቶ» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ላከ። አራት ሰው የሚሠራበት ሁለተኛው ቢሮ ግን ቦታውን ሳላይ ቁጥር አልጽፍም አለ። አስተያየቴ ስለዚህኛው ነው።

የመጣችው ወጣት መሐንዲስ ከእኔ ጋር ብዙም አልቆየችም፤ በቀጥታ ወደ ፓምፕ ሠራተኛችን ሄደች።

«ጋሼ፣ እምቦጩ ወንፊቱን ሲዘጋው በምን ያውቃሉ?»

«በድምፁ ነዋ ልጄ! ጠጠር የዋጠ ይመስል ሲንኳኳ ሮጬ አጠፋዋለሁ።»

እኛ ባዘጋጀነው የመለኪያዎች ዝርዝር ውስጥ ይህ ጨርሶ አልነበረም። በወንፊቱ ግራና ቀኝ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚለካ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ፓምፕ ጨመረች። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ወንፊት ሲዘጋም ፓምፑ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳል።

ከሳምንት በኋላ የደረሰን የሰዓት ግምት ሦስት ገጽ ነበር፦ 52 ምልክቶች (ወደ ፒኤልሲው የሚገቡና ከእርሱ የሚወጡ የመለኪያና የትእዛዝ መስመሮች)፣ 310 የሥራ ሰዓት። እጅግ የወደድኩት አቆጣጠሩን ነው። ለመጀመሪያው ፓምፕ የሽቦ ስዕል 12 ሰዓት ሲይዙ፣ ለተከታዮቹ ሁለት ፓምፖች 3፣ 3 ሰዓት ብቻ ጻፉ፤ ስዕሉ ተመሳሳይ ነውና በሦስት አላባዙትም። ትልቁን ድርሻ፣ 80 ሰዓት፣ የሰጡት ለአሠራሩ ጽሑፍ ነው፦ ፓምፑ መቼ ይነሣል፣ በምን ይቆማል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የትኛው ይቀድማል? ሰዓት የሚበላው ይህ እንደሆነ በሥራው የቆየ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዋጋ ማቅረቢያ ላይ ግን ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በቢሯቸው በተደረገው ፍተሻም መለኪያዎቹ የሚልኩትን ዓይነት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ምልክት እየሰጡ እያንዳንዱን መስመር አሳይተውናል፤ ሠራተኛችንንም ጠርተዋቸው ነበር።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። ከግምቱ በታች «የነባሩ የሞተር ማስነሻ ሳጥን ስዕል ትክክል እንደሆነ ተወስዷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። ስዕሉ ትክክል አልነበረም። በየጊዜው የጠገኑት ሰዎች ሽቦውን ቀያይረውት ኖሯል። በዚህ ምክንያት 42 ሰዓት ተጨመረ። በጽሑፍ ስላስቀመጡት አታለሉኝ አልልም፤ ነገር ግን ሙሉ ቀን እኛ ዘንድ ውለው፣ ሳጥኑ ከፊታቸው ቆሞ፣ አራት ብሎን ፈትተው ማየት እንዴት አቃታቸው? ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ተነጋግረን የ21 ሰዓቱን ከፈልን፤ የቀረውን እነርሱ ቻሉት።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ነፋስ እምቦጩን ወደ ዳር ገፍቶ ሁለተኛውን ወንፊት ዘጋው። ፓምፑ ድምፅ ሳያሰማ ቆመ፣ ሦስተኛው ተተክቶ ተነሣ፤ ጋሼም ነገሩን ያወቁት ጠዋት ከሰሌዳው ላይ አንብበው ነው።

የሁለተኛውን ጣቢያ ሥራ ለዚሁ ቢሮ ሰጥቻለሁ። በአዲሱ ግምት የመጀመሪያዎቹ 16 ሰዓታት የተያዙት ሳጥኖቹን ከፍቶ ሽቦ በሽቦ ለመፈተሽ ነው።