ሊብሬው በእነሱ ስም፣ ናፍጣው በእኔ ኪስ፦ 60 ሳምንት በሊዝ መኪና

መኪና ያዝኩ ብዬ መጀመሪያ የደወልኩት አዲስ አበባ ላለው አጎቴ ነበር። ጋሼ በጎልማሳነቱ የአሰብን መንገድ በፊያት ኤንትሬ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ደስ ይለዋል ብዬ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ጋቢናው ስፋት፣ ስለ አልጋው ማውራት ስጀምር አቋረጠኝና «ሊብሬው በማን ስም ነው?» አለኝ። «በሊዝ ነው ጋሼ፤ ሦስት ዓመት ከፍዬ ስጨርስ በእኔ ስም ይሆናል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲያው ገና ሹፌር ነህ» አለና ስለ ልጆቹ ጤና ጠየቀኝ።

ተቀየምኩት። ለስድስት ዓመት የሰው መኪና በደመወዝ ነድቼ «ባለንብረት ሹፌር» የሚል ወረቀት ላይ የፈረምኩት በዚያው ቀን ጠዋት ነበር። እኛ አገር ሊዝ ሲባል ትዝ የሚለን መሬት ነው፤ እዚህ አሜሪካ በጭነት ሥራ ላይ ላለነው ግን ከደመወዝ ወደ ራስ ሥራ የሚያሻግር ድልድይ ተደርጎ የሚነገር ነገር ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። ሊዙን የጀመርኩት በጥር 2024 ሲሆን ቁልፉን የመለስኩት በመጋቢት 2025 ነው። በመካከሉ ያሉት 60 ሳምንታት ናቸው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

የመኪናውን ሥሪትም የድርጅቱንም ስም አልጠራም። መኪናው በየአውራ ጎዳናው የምታዩት ዓይነት ባለ አልጋ ጋቢና ነው፤ ስረከበው ሁለት ዓመት የሠራና 210,000 ማይል የሮጠ ነበር። ስለ እሱ ክፉ ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ መንዳት የተማርኩት ፍሪሲዮን እየረገጥኩ ስለሆነ መጀመሪያ ንቄው ነበር፣ በሁለተኛው ወር ግን የግራ ጉልበቴ ራሱ አመሰገነው። ከዴንቨር በስተ ምዕራብ አይ-70 በሚባለው አውራ ጎዳና የሚወጣ ሰው የአይዘንሃወርን ዋሻ ያውቀዋል፦ 11,158 ጫማ፣ ማለትም 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት ሊማሊሞን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ መንገዱ ሰፊ መሆኑና ፍሬን ለከዳው መኪና መውጫ ተሠርቶለት መጠበቁ ነው። በሕግ የተፈቀደውን 80,000 ፓውንድ ሙሉ ጭኜ፣ 36 ቶን ገደማ ማለት ነው፣ ያንን ቁልቁለት በሞተር ፍሬን ብቻ ስወርድ መኪናው አንድም ጊዜ አላስደነገጠኝም።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ዋናው ሞተር ጠፍቶ ጋቢናውን የሚያሞቀውን ረዳት ሞተር ነው። በዋዮሚንግ ክረምት ሌሊቱን ሙሉ ዋናውን ሞተር ማስነሳት ናፍጣ ማቃጠል ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ሞተር ጋቢናውን እያሞቀች ለኤሌክትሪክ ምድጃዬም ኃይል ትሰጣለች። በሕጉ መሠረት 11 ሰዓት ነድቼ 10 ሰዓት የማርፍባቸው ሌሊቶች በርበሬና ቡና የሚሸቱት በእሷ ምክንያት ነው። በጾም ወቅት ከቤት የያዝኩትን ሽሮ ሞቅ አድርጌ እንጀራ ላይ ሳፈስ፣ ጎን ለጎን ቆመው የሚያድሩት ሹፌሮች ምን እየሸተታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

መኪናው ይህ ነው፤ ለመኪናው ብቻ ነጥብ ስጥ ብባል ከአሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። የተከራየሁት ግን መኪና ብቻ አልነበረም።

የፈረምኩት ሁለት ውል ነው። በመጀመሪያው መኪናውን ከአከራዩ ድርጅት እከራያለሁ። በሁለተኛው ያንኑ መኪና ከነሹፌሩ፣ ማለትም ከነራሴ፣ ለአጓጓዡ ድርጅት መልሼ አከራያለሁ። ሁለቱ ድርጅቶች ስማቸው ይለያይ እንጂ ቢሯቸው አንድ ፎቅ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ አንድ ሰው ውሉን አምጥቶ እይልኝ ቢለኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ጭነት የሚሰጥህ እጅና ኪራይ የሚቆርጥህ እጅ የአንድ ሰው ከሆኑ፣ አነስተኛ ጭነት የሰጠህ ሳምንት ላይ እሱ የሚጎዳው በጥቂቱ ነው፤ ኪራዩ እንደሆነ አይቀርበትም።

ቁጥሩን እንዳለ ላስቀምጥ። ኪራዩ በሳምንት 985 ዶላር ነው። ኢንሹራንስ 165፣ የሥራ ላይ ጉዳት ዋስትና 42፣ የታርጋና የኤሌክትሮኒክ ሰዓት መቆጣጠሪያው 38፣ ለተያዥ ገንዘብ፣ ማለትም ውሉ ሲያልቅ ለሚመለሰው መያዣ፣ 50 ዶላር። ተሽከርካሪው ይንቀሳቀስም ይቁምም በየሳምንቱ 1,280 ዶላር ይቆረጣል ማለት ነው። በተጨማሪ በእያንዳንዱ ማይል 10 ሳንቲም ለጥገና ይቀመጣል። እኔ የማገኘው ጭነቱ ከሚከፈልበት 72 በመቶውን ነው።

ከደህና ሳምንቶቼ አንዱን ልውሰድ፤ ጊዜው የ2024 መኸር ነው። 2,600 ማይል ነዳሁ፣ ጭነቱ 6,240 ዶላር አመጣ፣ ድርሻዬ 4,493 ሆነ። መኪናው በጋሎን 6.8 ማይል ስለሚሄድ 382 ጋሎን ናፍጣ በ3.60 ሒሳብ 1,375 ዶላር በላ። ለጥገና 260፣ ቋሚው 1,280። እጄ ላይ የቀረው 1,578 ዶላር ነው። መጥፎ አይደለም ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ላይ አሠሪ የሚያዋጣልህ ነገር የለም፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር፣ ማለትም የጡረታና የጤና መዋጮው፣ 15.3 በመቶ ሙሉው ከአንተ ነው፣ የገቢ ግብሩም በየሩብ ዓመቱ አስቀድመህ የምትከፍለው ነው። ለመንገድ ቀናት የሚፈቀደው የምግብ ወጪ ቅናሽ፣ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በቀን 80 ዶላር ሆኖ 80 በመቶው የሚቀነስልህ ማለት ነው፣ ባይኖር የመጀመሪያው ዓመት ግብር ቤቴን ያናጋው ነበር። ይህንን የነገረኝ የሒሳብ ባለሙያ እንጂ መኪናውን ያከራየኝ ሰው አይደለም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሳምንት። በታኅሣሥ ወር በአይ-80 ወደ ምዕራብ እየነዳሁ ሮሊንስ ከመድረሴ በፊት የጭስ ማጽጃው ሥርዓት የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። በእነዚህ ዘመናዊ ሞተሮች ላይ ያ ክፍል ሲታመም መኪናው ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ አንዲት አነፍናፊ መሣሪያ ተበላሽታ 36 ቶን እንደ ሽማግሌ አህያ እያዘገመ ዳር ያዘ። የዋዮሚንግ ነፋስ ቆሞ ላየው ሰው ሌላ ነገር ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ተሳቢው ሲወዛወዝ እንደ ጀልባ ይሰማኝ ነበር። ጎታች መኪና መጣ፣ ጋራዥ ገባሁ፣ ዕቃው እስኪመጣ ሦስት ቀን ቆምኩ። የጥገና ሒሳቤ ውስጥ በወቅቱ ከ4,000 ዶላር በላይ ነበር። ድርጅቱ ግን ያ ብልሽት «ከሒሳቡ የሚሸፈን ዓይነት አይደለም» አለኝ፤ የሚሸፈኑት በውሉ አባሪ ላይ ተዘርዝረዋል፣ አባሪውን ደግሞ አላነበብኩትም ነበር። ጥፋቱን ለእነሱ ብቻ መስጠት አልችልም።

በዚያ ሳምንት የነዳሁት 1,100 ማይል ነው። ጭነቱ 2,640፣ ድርሻዬ 1,901 ዶላር። ናፍጣ 582፣ ጥገና 110፣ ቋሚው 1,280። ውጤቱ ከዜሮ በታች 71 ዶላር ነው፤ ከኪሴ የከፈልኩት የጋራዡ ሒሳብ ገና ሳይደመር። ሦስት ቀን ሞቴል ውስጥ ተኝቼ፣ ስድስት ቀን ከቤቴ ርቄ፣ የሳምንቱ የክፍያ ወረቀት በስልኬ ሲደርሰኝ ባለዕዳ ነበርኩ። ደመወዝተኛ ሹፌር በብልሽት ቀን ትንሽ ያገኛል ወይም ምንም አያገኝም። ከፍሎ የሚውል ግን የለም።

ስለ ነፃነቱም ልናገር፤ ምክንያቱም ሊዙን የወሰድኩት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። በውሉ ላይ ጭነት አልፈልግም የማለት መብት አለኝ። ተጠቅሜበታለሁም፤ ለገና ሁለት ጊዜ ቤቴ ነበርኩ፣ የልጄን ልደት አላመለጠኝም፤ በደመወዝ ሳለሁ ይህ የማይታሰብ ነበር። ጭነት የምትመድብልኝ ዲስፓቸሯም መልካም ሰው ነበረች፤ ጮኻብኝ አታውቅም። መጮህ አያስፈልጋትም ነበር። እምቢ ባልኩ ቁጥር 985 ራሱ ይጮህ ነበር። ረቡዕ ሲደርስ ማይሌን ቆጥሬ ካልሞላ፣ ሐሙስ ማታ በፍጹም የማልነካውን ርካሽ ጭነት ስቀበል ራሴን አገኘዋለሁ።

በመካከሉ ማንበብ ጀመርኩ። ሕጉ ቀድሞም ነበረ። በፌዴራሉ የኪራይ ውል ደንብ መሠረት ክፍያህ በመቶኛ ከሆነ ድርጅቱ የጭነቱን ትክክለኛ የክፍያ ሰነድ ቅጂ ሊሰጥህ ይገባል፤ ወረቀትህን ካስረከብክ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፍልህ ይገባል፤ ከእሱ ዕቃ ወይም አገልግሎት ግዛ ብሎ ሊያስገድድህ አይችልም፤ በተያዥ ገንዘብህ ላይ ወለድ ሊያስብልህ፣ ውሉም ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ ሊመልስልህ ይገባል። የሰነዱን ቅጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኩት በአሥረኛው ወር ነው። ሰጡኝ። ሰነዱን ሳየው መቶኛዬ በትክክል ተሰልቷል፤ አላታለሉኝም። ይህንን መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም የእኔ ቅሬታ የሌብነት ቅሬታ አይደለም። ሁሉም ነገር እንደ ውሉ እየሄደ ነው የከሰርኩት።

በጥር 2025 ደግሞ በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ የተቋቋመው የመንግሥት የከባድ መኪና ሊዝ ግብረ ኃይል ሪፖርቱን አወጣ። ከአጓጓዥ ድርጅት ጋር የተያያዘው የሊዝ ግዢ እንዲታገድ ለኮንግረስ ሐሳብ አቅርቧል። ኔብራስካ ውስጥ አንድ የመኪና ማደሪያ ላይ ቆሜ በስልኬ ሳነበው የራሴን የክፍያ ወረቀቶች የማነብ መሰለኝ። ያኔ ነው ቀድሜ መሥራት የነበረብኝን ስሌት የሠራሁት። 985 ዶላር በ156 ሳምንት 153,660 ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሊብሬው ወደ እኔ እንዲዞር የሚከፈለው 25,000 ነው። ድምር 178,660 ዶላር። በዚያው ሳምንት ዴንቨር ዳርቻ ያለ አንድ ሻጭ ግቢ ገብቼ ጠየቅኩ፤ የእኔን የመሰለ፣ ያው ዓመት፣ ማይሉም የሚቀራረብ መኪና 79,000 ተለጥፎበታል። ለባለቤቴ ቁጥሩን ሳሳያት ምንም አልተናገረችም፤ ካልኩሌተሩን ተቀብላ ደግማ ሠራችው።

ታዲያ ለማንም አይሆንም ወይ? እንዲህ አልልም። ከእኔ ጋር በአንድ ወር የጀመረ ወዳጄ እስከ ዛሬ አለ፣ ደስተኛም ነው። እሱ ግን ያላገባ ነው፣ ቤት ኪራይ የለበትም፣ አምስት ሳምንት ሳያቋርጥ ይነዳል፣ በየሳምንቱ ከ3,000 ማይል አይወርድም። ለእንደሱ ዓይነት ሰው ቋሚው ወጪ በብዙ ማይል ላይ ስለሚከፋፈል ይቀላል። ቤተሰብ ላለውና ቅዳሜን ቤቱ መዋል ለሚፈልግ ሰው ግን ሒሳቡ አይሞላም። የባንክ ብድር ታሪክ የሌለው አዲስ መጤ ወገኔ ያለ ቅድሚያ ክፍያ መኪና የሚያገኘው በዚህ በር ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢገባበትም አልፈርድም፤ ቢያንስ ሳይከፍል መውጣት የሚያስችለውን ውል ይምረጥ፣ የጥገናውን አባሪ ለሚያነብለት ሰው ያስነብብ፣ ከሁለት ወር ቋሚ ወጪ ያላነሰ ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ ይግባ። እኔ የገባሁት በ1,900 ዶላር ነበር።

የእኔ ውል መመለስ ያስችል ስለነበር መለስኩት። ለ60 ሳምንት የከፈልኩት ኪራይ 59,100 ዶላር ነው፤ በእጄ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። ቁልፉን ያስረከብኩ ቀን መኪናውን አጥቤ፣ ፍራሹን አራግፌ፣ የዳሽቦርዱን መስቀል ፈትቼ ወሰድኩ። የተቀበለኝ ልጅ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ለካ። ከፊት የግራው ጎማ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ለካ፣ ጻፈ፣ ምን እንደጻፈ አላሳየኝም።

አሁን ዴንቨር ዙሪያ በቀን ሥራ በደመወዝ እነዳለሁ። ከሃያ ሰው ጋር እቁብ ገብቻለሁ፤ እጣዬ ሲወጣ ለቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችንም ጋር ተነጋግሬያለሁ። ጋሼ በየሳምንቱ ሲደውል ስለ እጣው ይጠይቀኛል።

ተያዥ ገንዘቤ 3,000 ዶላር ነው። በሕጉ 45 ቀን አላቸው። ዛሬ 31ኛው ቀን ነው።