የሰማያዊ ጽጌረዳ ዘር የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን ገዝቼዋለሁ

ሰሞኑን ስልካችሁን ስትነካኩ አንድ ፎቶ መጥቶባችሁ ይሆናል። ዳር ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ያረፈችበት፣ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ሰማያዊ የሆነ ጽጌረዳ። ከስሩ «100 ፍሬ ዘር፣ በቤትዎ ያብቅሉ» ይላል። ጣታችሁ «ግዛ» የሚለው ላይ ከማረፉ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። የእኔ ጣት ቀድሞኝ አርፏል።

ዘሩ መጣ። ትንሽ ላስቲክ፣ ላዩ ላይ አንድም ጽሁፍ የለም። ስም የለም፣ ዓመት የለም፣ እንዴት እንደሚዘራ የሚል ነገር የለም። ውስጡ ጠፍጣፋ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ሲነኩት ለስለስ ያለ ጸጉር ነገር ያለው ዘር። እውነቱን ለመናገር፣ የጽጌረዳ ዘር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ይሄ ነው ብዬ ተቀበልኩ። አፈር አዘጋጀሁ፣ ዘራሁ፣ ውሃ ረጨሁ፣ በላስቲክ ሸፈንኩ፣ መስኮት ስር አስቀመጥኩ።

በሰባተኛው ቀን ብቅ አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ፎቶ አንስቼ ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁ። በሦስተኛው ሳምንት እውነተኛ ቅጠል አወጣ። ቅጠሉ ዳር ዳሩ የተቆራረጠ ነው፤ ግንዱ ላይ ስስ ጸጉር አለ። እሾህ ግን የለም። «ገና ሕጻን ስለሆነ ነው» አልኩ። አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። አንዷን ቅጠል በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችና ጣቷን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋች።

«የኔ ልጅ፣ ይሄማ ቲማቲም ነው።»

ቲማቲም ነበር።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ስቄያለሁ። ግን ከሳቁ በኋላ ቁጭ ብዬ ነገሩን መመርመር ጀመርኩ፤ ያገኘሁት ነገር አናደደኝ። ምክንያቱም ሻጩ ተሳስቶ ሌላ ዘር አልላከልኝም። የሸጠልኝ ነገር መጀመሪያውኑ የለም።

ጽጌረዳ ሰማያዊ ቀለም የሚሰራበት መንገድ በተፈጥሮው የለውም። ብዙዎቹ ሰማያዊ አበቦች ቀለማቸውን የሚያገኙት ዴልፊኒዲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ጽጌረዳ ደግሞ እሱን ለመስራት የሚያስፈልገው ጂን ይጎድለዋል። የጃፓኑ ሰንቶሪ ኩባንያ ከአውስትራሊያው ፍሎሪጂን ኩባንያ ጋር ሆኖ ለዓመታት ከደከመ በኋላ፣ ከሌላ አበባ ጂን ወስዶ የሠራውን ጽጌረዳ በ2004 እ.ኤ.አ. አሳየ። ገበያ ላይ የዋለው በ2009 ነው። ያ ሁሉ ተደክሞበት የወጣው አበባ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። «ሰማያዊ ነው» ለማለት ትንሽ ይሉኝታ ይጠይቃል። እሱም የተሸጠው ተቆርጦ እንደ እቅፍ አበባ ነው እንጂ በዘር አይደለም።

ባለ ሰባት ቀለሙስ? እያንዳንዱ የአበባው ቅጠል ሌላ ቀለም የሆነው፣ ቀስተ ደመና የሚሉት? እሱ አበባው በእርግጥ አለ። ነጭ ጽጌረዳ ይቆረጥና ግንዱ ከታች ይሰነጠቃል፤ እያንዳንዱ ስንጣቂ የተለያየ ቀለም ያለው ውሃ ውስጥ ይነከራል። አበባው ቀለሙን ይጠጣል። ስለዚህ ቀለሙ የመጣው ከብርጭቆ ነው። ዘር ውስጥ አይገባም።

እንዲያውም ተራ ቀይ ጽጌረዳ እንኳ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። አሁን የምናውቃቸው የጽጌረዳ ዓይነቶች በብዙ ማዳቀል የተገኙ ስለሆኑ ከዘራቸው ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። አብቃዮች ቁራጩን በመትከል ወይም በሌላ ጽጌረዳ ግንድ ላይ በማጣበቅ የሚያራቡት ለዚህ ነው። ስሙ የታወቀ ጽጌረዳ «በዘር» የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ማጭበርበር የሚሠራው ፎቶው ስላማረ ብቻ አይደለም። የሚሠራው ዘር ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ጫማ ብትገዙና ቢጠባችሁ የዚያኑ ዕለት ታውቃላችሁ። ዘር ግን እውነቱን የሚናገረው ከሳምንታት በኋላ፣ አበባ ሲያወጣ ደግሞ ከወራት በኋላ ነው። ገንዘብ የማስመለሻው ጊዜ እስከዚያ ድረስ አይጠብቅም።

ለሻጩ ጻፍኩለት፤ የቅጠሉን ፎቶም ላክሁ። «ውድ ደንበኛችን፣ እሱ ከአፈርዎ የመጣ አረም ነው፤ የእኛ ዘር ገና አልበቀለም። ጽጌረዳ እስከ 90 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ እባክዎ ይታገሱ» አለኝ። ልብ በሉ፣ ግማሹ እውነት ነው። የጽጌረዳ ዘር በእርግጥም አስቸጋሪ ነው። ከመብቀሉ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ቅዝቃዜ ውስጥ እርጥብ ሆኖ መቆየት ይፈልጋል። ውሸቱን የሸፈነው በዚህች እውነት ነው። ታገስኩ። ተመልሼ ስጽፍለት «ቅሬታ የማቅረቢያ ጊዜዎ አልፏል» የሚል መልስ መጣ። ትህትናው ግን አልጎደለም። «ውድ ደንበኛችን» አሁንም ከፊቱ አለች።

ሌላው የሚያግዘው ነገር የራሳችን ጠባይ ነው። ዘር ሳይበቅል ሲቀር ማንን እንወቅሳለን? ራሳችንን። «ውሃ አበዛሁበት»፣ «ብርሃን አነሰው»፣ «እኔ እኮ እጄ ለተክል አይሆንም»። ሻጩን የሚጠረጥር የለም። ገንዘቡም ትንሽ ነውና ማንም ለዚህች ብሎ አይከራከርም። ከሺህ ሰው ትንሽ ትንሽ መውሰድ ከአንድ ሰው ብዙ ከመውሰድ ይቀላል።

«ግን እኮ አምስት ኮከብ አለው!» ትሉኛላችሁ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። አስተያየቶቹን ቆይቼ አንድ በአንድ ሳነባቸው ምን አየሁ መሰላችሁ? «ቶሎ ደረሰልኝ»፣ «ማሸጊያው ቆንጆ ነው»፣ «ነገ እዘራዋለሁ»። ሁሉም የተጻፉት ዘሩ አፈር ሳይነካ ነው። ያበበ አበባ ፎቶ የለጠፈ አንድም ሰው የለም፤ ቢኖርም የሻጩን ፎቶ መልሶ የለጠፈ ነው። ኮከቡ ራሱም ሐሰት ሊሆን ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ክረምት ላይ አሜሪካ ውስጥ በሁሉም ግዛቶች ሰዎች ያላዘዙት የዘር እሽግ በፖስታ ይደርሳቸው ጀመር፤ አብዛኛው ከቻይና የተላከ ይመስል ነበር። የሀገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ሲመረምረው ሰናፍጭ፣ ጎመን፣ ላቬንደር፣ ጽጌረዳ የመሳሰለ የተደባለቀ ዘር ሆነ። ነገሩ ሻጮች ለማያውቁት ሰው ርካሽ ዕቃ ልከው በስሙ የሐሰት አስተያየት የሚጽፉበት ዘዴ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር አማዞን የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ከውጭ ሀገር ወደ አሜሪካ ዘር መሸጥን ከለከለ። ኮከብ የሚቆጠረው እንዲህም ነው።

በነገራችን ላይ ያላዘዛችሁት ዘር ከመጣ አትዝሩት፣ ሜዳ ላይም አትጣሉት። ምን ዓይነት አረም ወይም በሽታ ይዞ እንደመጣ አታውቁም። ምንነቱ ያልታወቀ ዘር ሕጻናት ጋ እንዲደርስም አታድርጉ፤ መርዛማ የሆኑ ብዙ የአበባ ዘሮች አሉ።

ጽጌረዳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «በሦስት ወር የሚያብብ የቱሊፕ ዘር» የሚል አይቻለሁ። ቱሊፕ ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ ሰው የሚተክለው ሽንኩርት የሚመስለውን ስሩን ነው። የኦርኪድ ዘር ደግሞ ይብሳል። አቧራ የሚያህል ነው፤ ለራሱ የሚሆን ስንቅ እንኳ አልያዘም። በዱር የሚበቅለው ፈንገስ ሲረዳው ነው፣ አለዚያ ከጀርም በጸዳ ላቦራቶሪ ውስጥ። ማሰሮ ውስጥ በትናችሁት አይወጣም።

በብዛቱም አትደንግጡ። «1000 የፔቱኒያ ዘር» ሲባል ልግስና ይመስላል። አንድ ግራም ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ የፔቱኒያ ዘር አለ። 1000 ማለት የአንድ ግራም አንድ አስረኛ ነው፤ ብታስነጥሱ ይበተናል።

እኔ አሁን ዘር ሲደርሰኝ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ላይ አፈሰዋለሁ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጌ ፎቶ አነሳዋለሁ። ዘር መልክ አለው፤ ትንሽ ቢለመድ አይዋሽም። የዚኒያ ዘር ጠፍጣፋ ነው፣ የቀስት ጫፍ ይመስላል። የኮስሞስ ጠቆር ያለ፣ ጎበጥ ያለ መርፌ ነው። የሜሪጎልድ ቀጭን ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ ጭራ አለው፤ ሚጢጢ መጥረጊያ በሉት። የጽጌረዳ ደረቅ፣ ጥግ ጥግ ያለው፣ ደቃቅ ጠጠር የሚመስል ነው። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ያ ጸጉራም ዘር ገና ከላስቲኩ ሲወጣ ይታወቀኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም አልዘራም። አስሩን ቆጥሬ እርጥብ ሶፍት ውስጥ እጠቀልላለሁ፣ ላስቲክ ውስጥ ከትቼ ሞቅ ያለ ቦታ አኖረዋለሁ። ዚኒያ ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ስር ያወጣል፣ ሜሪጎልድም ያው ነው። ከአስሩ ስምንት ከበቀለ ጥሩ ነው። እንዲህ ቶሎ ከሚበቅል ዘር ሁለት ብቻ ከወጣ ወይም ምንም ካልወጣ፣ አፈሬም ውሃዬም እጄም የለበትም። ያረጀ ዘር ነው። ፎቶውን ይዤ፣ የማስመለሻው ጊዜ ሳያልፍ፣ እጽፋለሁ። «ይታገሱ» የሚል መልስ ከመጣ ቅሬታዬን እዚያው በገበያው በኩል አስገባለሁ እንጂ ከሻጩ ጋር በግል አልመላለስም። «ግማሹን እንመልስልዎ፣ ቅሬታውን ይዝጉት» ቢለኝም አልዘጋም።

ሐቀኛ እሽግ ላይ ደግሞ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የዓይነቱ ስም፣ የታሸገበት ወይም የሚዘራበት ዓመት እና የምርት መለያ ቁጥር አለ። «ኤፍ 1» የሚል ካለበት የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ ነው ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ከሱ የሰበሰባችሁት ዘር በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ አበባ አይሰጣችሁም። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ እሽጉ ላይ ተጽፏል።

ትናንት ያንን ሱቅ ፈለግኩት፤ ስሙ ጠፍቷል። ሰማያዊውን ጽጌረዳ ግን በሌላ ሱቅ ስም አገኘሁት፤ አሁን 200 ፍሬ ሆኗል። ያቺ የውሃ ጠብታ እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።