ለእናቴ ምጥ ሳስተምር፦ የ«ጋዝና አየር» ግምገማ

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውን ተረት እናቴ ባለፈው ሳምንት ደሴ ሆጤ ባለው ቤታችን፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ብቻ ሦስት ጊዜ ተርታብኛለች። ጥፋቴ ጎረቤቶች ሲጠይቁኝ መመለሴ ነው። ሁለተኛዋን ልጄን የወለድኩት ባለቤቴ ለትምህርት በሄደበት እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ለምጡ የተጠቀምኩበት ጋዝ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። አንዷ «እየሳቁ ይወልዱበታል» ሲሏት ሰምታለች፤ ሌላዋ ደግሞ «አስተኝተው ነው የሚያዋልዱት» ትላለች። ሁለቱም አልሆነም። የፊዚክስ መምህርት ነኝና ነገሩን በልኩ ላስቀምጠው።

ማወዳደሪያዬ የመጀመሪያው ወሊዴ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ደሴ፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ተቋም። ገንዘብ አልተጠየቅኩም፣ አዋላጇም ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነበረች። ለሕመሙ የነበረው መድኃኒት ግን «አይዞሽ» ብቻ ነው፤ እርሱም እኩለ ሌሊት ላይ አለቀና ወደ ንጋት «ዝም በይ፣ ሌሎቹን ትረብሻለሽ» በሚለው ተተካ። እናቴን አላስገቧትም። ነጠላዋን ተከናንባ ውጭ አግዳሚ ላይ አደረች። እኔ ስጮህ እርሷ ትሰማለች፤ እርሷ ስትጸልይ ግን እኔ አልሰማትም።

አሁን ወደ ጋዙ። ናይትረስ ኦክሳይድ ይባላል፤ ግማሽ በግማሽ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ሐኪሞቹ «ኤንቶኖክስ»፣ ተራው ሰው «ጋዝና አየር» ይለዋል። ከግድግዳው ከተሰካ ቱቦ ጫፍ ላይ በጥርስ የሚያዝ የአፍ መያዣ አለው። ውስጡ ያለው ቫልቭ ሲስቡት ብቻ ይከፈታል፣ ሲተዉት ይዘጋል። ዋናው ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ራሷ ትይዘዋለች፤ ከበዛባትና ካደነዘዛት እጇ ይዝላል፣ ቱቦው ከአፏ ይወድቃል፣ ጋዙም ይቆማል። ባለቤቴ ሊያግዘኝ ብሎ ቱቦውን ወደ አፌ ሲያስጠጋ አዋላጇ እጁን ቀስ አድርጋ መለሰችው። «እርሷ ብቻ» አለችው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምጦች አበላሸኋቸው። ጋዙ እስኪሠራ ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ሕመሙ እስኪበረታ ጠብቄ መሳብ ስጀምር፣ ሕመሙ ከሄደ በኋላ ጭንቅላቴ ብቻውን ይዞራል። አራተኛው ላይ ገባኝ። ሆድ መጠንከር እንደ ጀመረ፣ ገና «መጣች» ሲባል፣ በረጅሙ መሳብ ነው። ያን ጊዜ ምጡ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ጋዙም እኩል ይደርሳል። ሕመሙ አልጠፋም፤ እዋሽ እንደሆን ይቅር አይበለኝ። ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ጠብ ሆነ፤ መኖሩን አውቃለሁ፣ የእኔ ግን አይመስለኝም። መሳብ ሳቆም በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ፣ በመካከሉ ራሴን አውቄ አወራ ነበር።

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ድምፅ ያወፍራል። «ማርያም፣ ማርያም» ስል የወጣው ድምፅ የአንድ ጎምቱ መሪጌታ ድምፅ ነበር። ባለቤቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔም ሳቅኩ። «እየሳቁ ይወልዱበታል» የሚለው ወሬ መነሻው ይህ ብቻ ከሆነ እውነት አለው።

ጉድለቱን ልናገር። አፍ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፤ እኔን አንድ ጊዜ አስመልሶኛል። መግፋት ስጀምር ደግሞ «አሁን ተዪው» አሉኝ። እጅግ የፈለግኩት በዚያን ሰዓት ነበርና አንዷን ኮከብ የቀነስኩበት ለዚህ ነው፤ ከአምስት አራት። ከመስጠታቸው በፊት ስለ ጤና ይጠይቃሉ። ሳንባዋ ተጎድቶ አየር የቋጠረባት ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያለባት ሴት ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ጾም አጥብቃ ለምትጾም ሴት ይህ የቢ12 ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ከጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ከዚህ ይልቅ ሕመም ይገድላል፤ ነገር ግን መርፌና ባለሙያ ይፈልጋል፣ ከአልጋም ያስራል። በጋዙ እኔ ቆሜ፣ ተንበርክኬ፣ አልጋው ላይ ተደግፌ ነበር።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ክሊኮቪች የሚባል ሐኪም ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ለምጥ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ታንስታል የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ በ1961 ሁለቱን ጋዞች አስቀድሞ ቀላቅሎ በአንድ ሲሊንደር ማቅረብ እንደሚቻል አሳየ። ሲሊንደሩ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ገደማ ከቀዘቀዘ ቅልቅሉ ይለያያል፤ የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ ግን፣ ምንም ቢያማርሩት፣ እዚያ አይደርስም።

«ታዲያ እዚህስ ቢመጣ?» አለችኝ አንዷ ጎረቤታችን። መልሴ የክፍል ውስጥ ትምህርት ሆነባቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውሃችን በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው አየሩ ስለሳሳ፣ ግፊቱም ስለቀነሰ ነው። ጋዙም የሚሠራው በግፊቱ ስለሆነ፣ ያው ግማሽ በግማሽ ቅልቅል እዚህ የሚኖረው ኃይል በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትወልዱ ትንሽ ይሻላችኋል ብዬ ቀለድኩ፤ ስሌቱ ግን ቀልድ አይደለም። ክፍሉም የተነፈሱትን ጋዝ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት አዋላጆቹ ናቸው። በእንግሊዝም በዚህ ምክንያት ለጊዜው ያቋረጡ ሆስፒታሎች ነበሩ።

ቱቦው፣ ሲሊንደሩ፣ ማስወጫው፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። እናትን ከአግዳሚው አንስቶ ወደ ውስጥ ማስገባት ግን ስንት ያስወጣል? ስምንት ዓመት ሙሉ ያልለቀቀኝ ይህ ነው። ጋዙ በእጄ የሚያዝ ነገር ስለሰጠኝ ወደድኩት፤ ያን ሌሊት ደሴ ላይ ግን የእናቴ እጅ በቂዬ ነበር።

እናቴ ስድስታችንንም የወለደችው ቤቷ ነው። እስከ በረካ ዝም ብላ ሰማችኝ። ስለ ጋዙም፣ ስለ ግፊቱም፣ ስለ ክሊኮቪችም አንድ ነገር አልጠየቀችም። ሲኒዎቹን እየሰበሰበች፣ «ወገብሽንስ ማን ያዘልሽ?» አለች።

«ባለቤቴ።»

«ወንድ?» አለችና ረከቦቱን መልሳ አስቀመጠች። «እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»