ለዋልካ አፈር የትኛው ይገዛ? ኮምፖስት፣ ፍግ፣ የዶሮ ኩስ ወይስ ሰጋቱራ

ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ያለው ዋልካ ክረምት ላይ አብጦ ውሃ ያቁራል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጓሮ ላይ የተተከለው አትክልት ብዙ ጊዜ የሚቀጭጨው ሥሩ አየር ስለሚያጣ ነው። ስለዚህ ሲገዙ መጀመሪያ የሚታየው አፈሩን የማፍረክረክ አቅሙ እንጂ የማዳበሪያነት ጉልበቱ አይደለም።

በዚህ መለኪያ የተብላላ ኮምፖስት ይቀድማል። ለ10 ካሬ ሜትር መደብ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለማልበስ 500 ሊትር፣ ማለትም በ20 ሊትር ባልዲ 25 ያስፈልጋል፤ ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ይቀላቀላል። በየዓመቱ ግማሹን መድገም ግድ ነው፣ አፈር ውስጥ እየበሰበሰ ያልቃልና። ጆንያው ውስጥ እጅዎን ሲከቱ ከሞቀ ወይም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው ገና ነው። ከተጠራጠሩ ጥቂት ወስደው ፌጦ ይዝሩበት፤ በተራ አፈር ላይ ከተዘራው እኩል ካልበቀለ አይግዙ።

የከብት ፍግ ቢያንስ ስድስት ወር ተከምሮ ከቆየ ከኮምፖስት ብዙም አያንስም፤ በርካሽ ካገኙት እሱን ይውሰዱ። እርጥቡ ግን የአረም ዘርና ጀርም ይዞ ይመጣል፤ ሰላጣና ካሮት ለሚበቅልበት መደብ ምርቱ ከመሰብሰቡ በፊት ባሉት አራት ወራት ውስጥ አይጨመር።

የዶሮ ኩስ ናይትሮጅኑ ብዙ፣ አፈር የሚያፍረከርክ ገለባ መሰል ጭረቱ ትንሽ ነው። ቅጠል ያለመልማል፣ ዋልካውን ግን እምብዛም አይለውጠውም፤ ሲበዛ ሥር ያቃጥላል። ደርቆ ከተገኘ ለካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ከጭድ ጋር ከምሮ ማብላላት ነው።

ሰጋቱራ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ300 እጅ በላይ ካርቦን አለው። ጥሬውን አፈር ውስጥ ከቀበሩት የሚያበሰብሱት ተህዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማሉ፣ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል። ላይ ላዩን ለማልበስ ብቻ ይግዙት፤ ሙጫ ያለበትን የቺፑድ ብናኝ ፈጽሞ አይውሰዱ።

የትል ኮምፖስት ግሩም ነው፣ ግን መደብ ለመሙላት ዋጋው አይቀመስም፤ በችግኝ ጉድጓድ አንድ እፍኝ ያድርጉ። አሸዋ ከአፈሩ ግማሽ በላይ ካልሆነ ዋልካውን ጭራሽ ያጠነክረዋል። የአፈር አሲድ የሚቀንሰው አመድም ይቅር፤ ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ አይደለም።

የትኛውንም ቢገዙ አፈሩ ሲጨበጥ እንደ ሊጥ የሚላቆጥ ከሆነ አይቆፈር፤ ጨብጠው ሲለቁት ሲፈረፈር ይጀምሩ። መደቡን ከሰኔ በፊት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ዳርና ዳሩ ላይ ቦይ ያውጡ፤ ውሃው መውጫ ካጣ ጥሩ ኮምፖስትም ሥሩን ከመበስበስ አያድነውም።