ሞምባሳ ውስጥ በምን ይሻላል? ባጃጅ፣ ማታቱ፣ ፌሪ ወይስ ኡበር

ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያዋ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ምግቡ ቀርቦ ሳህኑ ሳይነሳ ትደርሳላችሁ። ለጫጉላም፣ ለዕረፍትም፣ ለሥራም ወደዚያ ብቅ የሚል ሀበሻ አይጠፋም። ከመሄዳቸው በፊት የሚጠይቁኝ ነገር ግን ሁልጊዜ ያው ነው፦ "እዚያ መኪና ልከራይ ወይስ በታክሲ ልንቀሳቀስ?"

እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። ሆቴላችሁ የት ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። የሞምባሳ መሀል ከተማ ደሴት ነው። ከደሴቱ መውጫው ሦስት ነው ብላችሁ ያዙት። በሰሜን የኒያሊ ድልድይ፣ በምዕራብ ማኩፓ፣ በደቡብ ደግሞ ሊኮኒ። ሊኮኒ ላይ ድልድይ የለም፤ በፌሪ፣ ማለትም በትልቅ ማሻገሪያ ጀልባ ነው የሚሻገሩት። ኤርፖርቱና የባቡር ጣቢያው በምዕራብ በኩል ከደሴቱ ውጭ ናቸው። ስማቸው የገነነው የባሕር ዳርቻ ሆቴሎችም እንዲሁ ናቸው። ኒያሊ፣ ባምቡሪና ሻንዙ በሰሜን፣ ዲያኒ በደቡብ። ስለዚህ ሆቴል ስትይዙ ሳታውቁት ትራንስፖርታችሁንም መርጣችኋል። ዲያኒ አድራችሁ በየቀኑ የድሮውን ከተማ ልጎብኝ ካላችሁ፣ የዕረፍት ጊዜያችሁን ግማሽ ፌሪ በር ላይ ትጨርሱታላችሁ።

ባጃጅ

ደሴቱ ውስጥ ብዙ አታስቡ፣ ባጃጅ ያዙ። እነሱ ቱክቱክ ይሉታል። የትም ብትቆሙ አንዱ መጥቶ ፍጥነቱን ይቀንስላችኋል። ከኋላ ሦስት ሰው ይቀመጣል። ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይገባል፤ በሞምባሳ ወበቅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መኪና ውስጥ ኤሲ ከሌለ ባጃጁ በብዙ ይሻላል።

ሜትር የለውም። ዋጋ የሚቆረጠው ከመሳፈራችሁ በፊት ነው። ሂሳቡም በሰው ሳይሆን በጉዞው ስለሆነ ለሦስት ስትካፈሉት ከማታቱ (ከሚኒባስ ታክሲው) ብዙም አይርቅም። የሆቴሉን ጥበቃ "እስከ ፎርት ጂሰስ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ለሹፌሩ ዋጋውን ራሳችሁ ንገሩት። "ስንት ትወስደኛለህ?" ብላችሁ ከጀመራችሁ እንግዳ መሆናችሁ ታውቋል። ባለ 50፣ ባለ 100 እና ባለ 200 ሽልንግ ያዙ። ባለ 1000 አውጥታችሁ ከሰጣችሁት "ዝርዝር የለኝም" ይላችኋል፤ ይሄኛውን ከቦሌም ታውቁታላችሁ።

ባጃጅ የማያዋጣው የኒያሊን ድልድይ ተሻግራችሁ ሩቅ ስትሄዱ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ የጭነት መኪና ጭስ በቀጥታ ፊታችሁ ላይ ነው። ዋጋውም ሲደመር ከመኪና ጋር ይቀራረባል። ሻንጣ ካለማ አይሞከርም።

ማታቱ

ማታቱ ማለት የኛው ሚኒባስ ታክሲ ነው። መኪናው ያው ቶዮታ ሃይኤስ፣ ወያላው ያው በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸው። ልዩነቱ ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፤ በሩም በግራ ነው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት አትርሱ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለመሻገር እግሩን ሲያነሳ ወደ ግራ ነው የሚያየው፣ ከቀኝ በኩል የሚመጣበትን አያየውም።

በርካሽነት የሚወዳደረው የለም። አጭሩ ጉዞ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሽልንግ ነው። ዝናብ ከጣለ ወይም የሥራ መውጫ ሰዓት ከሆነ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። የሚወርዱበት ቦታ ሲደርስ "ሹኪሻ" ማለት ይበቃል፣ "ወራጅ አለ" ማለት ነው።

ማታቱ በጣም የሚያዋጣው በሰሜኑ መስመር ነው። ከኒያሊ ድልድይ ጀምሮ በባምቡሪ አድርጎ ወደ ምትዋፓ የሚሄደው መንገድ አንድ ቀጥ ያለ ስለሆነ መጥፋት ይከብዳል። ሃለር ፓርክም እዚሁ መስመር ላይ ነው። የሲሚንቶ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ ነበር፤ አሁን ዛፍ በቅሎበት ቀጭኔ ይመገብበታል። እዚያ ለመድረስ ኡበር መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኡበር እና ቦልት

ሁለቱም በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩ ታክሲዎች ናቸው፤ ሞምባሳ ላይ ይሠራሉ። ለሦስት ነገር እመርጣቸዋለሁ፦ ለኤርፖርት፣ ለማታ እና ከልጆች ጋር ለመጓዝ። ዋጋው አስቀድሞ ይታያል፤ ክርክር የለም። የለም ማለቴ፣ መኖር የለበትም። አንዳንዱ ሹፌር ይደውልና "የት ነው የምትሄዱት? በጥሬ ነው?" ይላል። ከዚያ መተግበሪያው ካለው ላይ ጨምሩልኝ ይላል። ካልተስማማችሁ ሰርዛችሁ ሌላ እዘዙ፣ አትሟገቱ።

ለዚህ ሁሉ ዳታ ያስፈልጋል። እንደደረሳችሁ የሳፋሪኮም ወይም የኤርቴል ሲም በፓስፖርት አውጡ። ሳፋሪኮም ከሆነ ኤምፔሳም ይከፈትላችኋል። ባጃጁም፣ ማታቱም፣ ኮኮናት ሻጩም ይቀበለዋል፤ የዝርዝር ጣጣም በዚያው ያበቃል።

የሞተር ታክሲ

ቦዳ ቦዳ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። መጨናነቅ ውስጥ ከሱ የሚቀድም የለም። ሄልሜት ካልሰጣችሁ ግን አትውጡ። እኔ ራሴ ኒያሊ ድልድይ ላይ በሱ አልሄድም።

ፌሪ

ጎብኚ ሁሉ የሚፈራው እና አንዴ ካየው በኋላ የሚያወራው እሱን ነው። የኪሊንዲኒን መተላለፊያ ያቋርጣል። ውሃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌት ተቀን ይሠራል። ሰውም መኪናም አብሮ ይጭናል። መሻገሩ ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ የሚያስመርረው መጠበቁ ነው።

እግረኛ አይከፍልም። መኪና ግን ይከፍላል፣ ከክፍያውም በላይ ይሰለፋል። በቀን ወደ 300 ሺህ ሰው እንደሚሻገርበት ይነገራል። የሚበዛው ሰው የሚኖረው በሊኮኒ በኩል ነው፣ ሥራው ደግሞ ደሴቱ ላይ። ስለዚህ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ይገባል፣ ማታ ደግሞ ይወጣል። ደሴቱ ላይ ካደራችሁና ጠዋት ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ፣ ከሕዝቡ ተቃራኒ ናችሁ፤ ቦታ አታጡም። ስትመለሱም እንደዚያው። ዲያኒ ያደረ ሰው ነው ከነሙሉ ግፊያው የሚሻገረው።

መጠበቂያው ውስጥ ቆማችሁ በሩ ሲከፈት ሁሉም ቁልቁል ወደ ውሃው ይወርዳል። ሙዝና ጆንያ የጫኑ ጋሪ ገፊዎችም አብረው ይወርዳሉ። ጋሪው ፍሬን የለውም፤ ሰውየው በተረከዙ ነው የሚይዘው። ሲመጣ ዘወር ማለት የእናንተ ፋንታ ነው። ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩት። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ጠባቂዎቹም አይምሩም። በመኪና የምትሻገሩ ከሆነ እኔ ብሆን ወርጄ ከእግረኛው ጋር እቆማለሁ። በ2019 አንድ መኪና ከፌሪው ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ባሕር ገብቷል፤ እናትና ልጅ ሞተዋል።

ተሻግራችሁ አቀበቱን እንደወጣችሁ ዲያኒ አጠገብ ወዳለችው ኡኩንዳ የሚሄዱ ማታቱዎች ቆመው ይጠብቃሉ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኡኩንዳ ላይ ወርዳችሁ በባጃጅ ዲያኒ ባሕር ዳር ትደርሳላችሁ። ሁለት ሰው ቀለል ያለ ቦርሳ ይዞ ከሆነ ይሄን መንገድ ከየትኛውም መኪና አስበልጣለሁ።

በእግር

የድሮው ከተማ ሌላ ምርጫ የለውም። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ መኪና ይዞ የገባ ወደ ኋላ እየነዳ ነው የሚወጣው። ከፎርት ጂሰስ ጀምሩ። ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምሮ የገነቡት ምሽግ ነው፣ ከ2011 ወዲህ የዩኔስኮ ቅርስ ነው። ከዚያ በንዲያ ኩ መንገድ አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ ግቡ። የተቀረጹ በሮች፣ ከላይ የተንጠለጠሉ የእንጨት በረንዳዎች፣ የጥብስ ሽታ። ሰዓቱ ከጠዋት አራት በፊት ወይም ከአሥር በኋላ ይሁን፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያሸንፋችኋል። አካባቢው ሙስሊም ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

ወደ ማታ ቡና ሻጮች ይወጣሉ። ረጅም የነሐስ ጀበና፣ ከሥሩ ፍም። የሚቀዳው ጆሮ በሌላት ሲኒ ነው፣ እንደኛው። ዝንጅብል አለበት፣ ወፍራም ነው። አብሮ ሃልዋ የሚባል ጣፋጭ ይሸጣል። ቡና በማፍላት አንታማም፣ ግን ለዚህኛው ጊዜ ስጡት። ጠባቡ መንገድ ላይ ቆማችሁ ስትጠጡ ባጃጅ ቢመጣ ሲኒያችሁን ይዛችሁ ግድግዳ ትለጠፋላችሁ።

የኪራይ መኪና

ለደሴቱ አይመከርም። በግራ መንዳት፣ የማቆሚያ ጣጣ፣ የፌሪ ሰልፍ፤ ሁሉንም ከፍላችሁ ትገዙታላችሁ። ትርጉም የሚኖረው ወደ ማሊንዲ ወይም ወደ ጻቮ ፓርክ ከወጣችሁ ነው። ለዚያም ከነሹፌሩ ውሰዱት።

ስለ ባቡሩና ስለ ሰዓት

ከናይሮቢ ለሚመጣ በ2017 የተከፈተው ባቡር አለ። ኢኮኖሚው 1,500፣ አንደኛ ማዕረግ 4,500 ሽልንግ ነው። የሚያወርዳችሁ ሚሪቲኒ ነው፤ ከዚያ ደሴቱ ገና ነው። የከሰዓቱ ባቡር ማታ ስለሚገባ ለዚያ ሰዓት ኡበር ወይም የሆቴል መኪና ይሻላል።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው። "ሳ ምቢሊ" ካላችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ስምንት ይላል። ሹፌር ስትቀጥሩ በየትኛው እንደተነጋገራችሁ አረጋግጡ። የባቡርና የአውሮፕላን ቲኬት ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ከዲያኒ ወደ ኤርፖርት ስትመለሱ ሌላ ምርጫ ይመጣል። ድሮ በሊኮኒ ካልሆነ የሚያዋጣ መሄጃ አልነበረም፤ ፌሪው ሲበላሽ በረራ ያመለጠው ብዙ ነው። አሁን ደሴቱን ሳይነካ በምዕራብ በኩል የሚዞረው የዶንጎ ኩንዱ መንገድ አለ። ሹፌሩ "በፌሪ ይቀርባል" ቢላችሁም በዶንጎ ኩንዱ ውሰደኝ በሉት፤ ዋጋውንም በዚሁ መንገድ ቁረጡ።