በደሴ የቀረበው የሰልፍና የዱላ ውዝዋዜ

ሰሞኑን በደሴ የቀረበው የውዝዋዜ ትርኢት የፖለቲካ ተቃውሞንና ሰልፈኛውን የሚጠብቀውን ዱላና ጥይት አንዲት ቃል ሳይነገር ለማሳየት የተነሣ ሥራ ነው። ዋለልኝ መኮንንን የመሰሉ የተማሪው ንቅናቄ ሰዎች በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማሩባት ከተማ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም፤ ተመልካቹም በቀላሉ የሚረታ አልነበረም።

የሥራው ጉልበት ያለው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ተወዛዋዦቹ እስክስታውን ሰርግ ቤት እንደምናውቀው በአንቺ ሆዬ ቅኝት ይጀምሩታል፤ ክራሩ እየፈጠነ ሲሄድ ግን ያው የትከሻ ምት፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ ከዱላ ምት የሚሸሽ ሰው ድንጋጤ ይሆናል። አንዲቱ ዱላ በመጀመሪያ እረኛው ጫንቃው ላይ አጋድሞ የሚጨፍርባት፣ ቀጥሎ መፈክር የሚሰቀልባት፣ በኋላም ሰልፈኛው የሚደበደብባት ትሆናለች፤ የያዛት ወጣት ግን ያው ነው፣ ልብሱን እንኳ አልለወጠም። በ1957 ዓ.ም. የተሰማው «መሬት ላራሹ» በአንደበት አይነሣም፤ ምቱ በጭብጨባ ብቻ ሲመጣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት ወዲያው ለይተውት አብረው ማጨብጨብ ጀመሩ።

ቀይ ሽብር ላይ ሲደርስ አዘጋጁ በተወዛዋዦቹ ላይ ያለው እምነት የቀነሰ ይመስላል። ከድምፅ ማጉያው የሚንጣጣው ተኩስ፣ ቀይ መብራቱና ጭሱ (ጭስ የሌለበት የመድረክ ሥራ ማየት ብርቅ ሆኗል) ሰውነታቸው አስቀድሞ የነገረንን መልሰው ይጮኹብናል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነጠላዋን ዘቅዝቃ የተቀመጠችው እናት ትዕይንት ነው፤ ትከሻዋ ለለቅሶ ሊነሣ ሲል በገዛ እጇ ይዛ ታስቀረዋለች። በዚያ ዘመን ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ይከለከል እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ከተኩሱ ይልቅ ያማል። የ2014ቱ ጦርነት ግን በጥድፊያ ታልፏል፤ ቁስሉ ገና ያልጠገገ ተመልካች ፊት እንዲህ ነካ አድርጎ ከማለፍ ጨርሶ ቢተዉት ይሻል ነበር።

የአዳራሹ መድረክ ዝቅተኛ በመሆኑ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የተወዛዋዦቹን እግር አያይም፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ገብቶ ፊት መያዝ ያስፈልጋል። ተኩሱ በድንገትና በከፍተኛ ድምፅ ስለሚለቀቅ ሕፃናትን ይዞ መግባትን አልመክርም።