«ወንጌላችሁ የቱ ነው?»፦ የሠርግ ቅዳሴያችንን ዜማና ንባብ ስላዘጋጁልን ባለሙያ

የተጋባነው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በላቲን ሥርዓት፣ ከነቅዳሴው ነው። ቁምስናችን (አጥቢያችን) ለሙሽሮች የሚሰጠው አንድ አገልግሎት አለ። የዜማ ኃላፊዋ ከጥንዶቹ ጋር ቁጭ ብለው ንባቡንና መዝሙሩን ያስመርጣሉ። በዕለቱ ኦርጋን የሚጫወቱትም እሳቸው ናቸው፤ መዝሙር የሚመራ ሰውም ያቀርባሉ። ሊያገቡ ያሰቡ ጓደኞቼ «እንዴት ነበሩ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የወደድኩትንም ቅር ያሰኘኝንም ልጻፈው።

ገና እንደተቀመጥን የጠየቁን ስለ መግቢያ ሙዚቃ አልነበረም። «ልጆቼ፣ ወንጌላችሁ የቱ ነው?» አሉን። እኔና እጮኛዬ ተያየን። «እሱን ምረጡ፤ ዜማው ተከትሎት ይመጣል» ብለው ቅጹን ሰጡን። ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው ይህን ነው። የሠርግ ዝግጅት ላይ ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። መዝሙሩና ሙዚቃው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ንባቡ በመጨረሻው ሰዓት በጥድፊያ ይገባል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ንባብ ከብሉይ ኪዳን ይወሰዳል፤ በትንሣኤ ወቅት ግን ከዮሐንስ ራእይ። ከዚያ መዝሙረ ዳዊት፣ ቀጥሎ ከሐዋርያት መልእክት አንድ ንባብ፣ ሃሌሉያ፣ በመጨረሻም ወንጌል። ለጋብቻ የተዘጋጀ የንባብ ዝርዝር አለ፤ ጥንዶቹ ከካህኑ ጋር ሆነው ከዚያ ላይ ይመርጣሉ። እኔ የማላውቀው አንድ ደንብም ነገሩን። ከንባቦቹ ቢያንስ አንዱ ስለ ጋብቻ በግልጽ የሚናገር መሆን አለበት። ለምሳሌ ከማቴዎስ 5 «ብፁዓን» የሚለውን ክፍል ለወንጌል ብትመርጡ በጣም ያምራል፤ ግን ስለ ጋብቻ በቀጥታ አይናገርም። ስለዚህ ከዘፍጥረት 2 የአዳምንና የሔዋንን ታሪክ የመሰለ ንባብ አብሮት ይገባል።

ወንጌሉ ላይ አልተቸገርንም፤ የቃናውን ሠርግ መረጥን፣ ዮሐንስ 2፥1-11። ክርክር የተነሣው በሁለተኛው ንባብ ነው። እጮኛዬ 1 ቆሮንቶስ 13ን ፈለገ፤ «ፍቅር ይታገሣል» የሚለውን ማን ይጠላል? እኔ ደግሞ ቆላስይስ 3፥12-17 ውስጤ ገብቶ ነበር። ባለሙያዋ አልፈረዱብንም። ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስገቡንና በየተራ አትሮኖሱ ላይ ቆመን እንድናነብ አደረጉን። እሳቸው መጨረሻ ወንበር ላይ ሆነው አዳመጡ።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ቆላስይስ ርኅራኄን፣ ቸርነትን፣ ትሕትናን ልበሱ ይላል፤ እርስ በርሳችሁ ይቅር ተባባሉ ይላል። ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቁጥር 16 ላይ፣ በመዝሙርና በዝማሬ በልባችሁ ለእግዚአብሔር ዘምሩ ይላል። እጮኛዬ እዚያ ሲደርስ ቆም አለ። «ስለ መዝሙሩም እዚሁ አለ እኮ!» አለ። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ለመጀመሪያው ንባብ ከመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 8 ወሰድን። ጦብያና ሣራ በሠርጋቸው ሌሊት አብረው የጸለዩት ጸሎት ነው። እንድታነብልን የመረጥናት አክስቴን ነበር። አክስቴ ቶሎ ቶሎ ታነባለች። ባለሙያዋ «እትዬ፣ ሁለቱ አብረው አሜን የሚሉበት ጋ ሲደርሱ ቀና ይበሉ። ትንፋሽ ይውሰዱ። ከዚያ ‹የእግዚአብሔር ቃል› ይበሉ» አሏት። በዕለቱ ልክ እንደዚያው አደረገች። እኔና ባሌ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያንን «አሜን» ስንሰማ የምንባለውም የምንለውም ገባን።

መዝሙረ ዳዊቱ 128 ነበር፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ቤት እንዴት እንደሚባረክ የሚናገረው። በዚህ ላይ ባለሙያዋ ንቅንቅ አይሉም። ዳዊት በሌላ መዝሙር አይተካም፣ የሚቻል ከሆነም ይዜማል፣ ሕዝቡም አዝማቹን ይቀበላል። አንድ የቅርብ ወዳጃችን የጻፈልንን ግጥም በመጀመሪያው ንባብ ቦታ ማስገባት ፈልገን ነበር። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያለ ጽሑፍ በንባብም በመዝሙረ ዳዊትም ቦታ እንደማይገባ በደንብ አስረዱን። ይህ የእሳቸው ምርጫ ሳይሆን የቅዳሴው ደንብ ነው። ግጥሙ ግብዣው ላይ ተነበበ፤ ወዳጃችንም ደስ አለው።

አዝማቹን ያስለመዱበት መንገድ መጠቀስ አለበት። ቅዳሴው ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው መሪ ዘማሪዋ ወደ ፊት ወጣች። አንድ ጊዜ ብቻዋን አዜመች፣ ከዚያ እጇን ከፍ አድርጋ ሁሉንም አስከተለች። ሠርግ ላይ እንግዳው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የእኛ እንግዶች ግን ዘመሩ። ባለሙያዋ ቅድሚያ የሰጡትም ለዚህ ነው። ሕዝቡ የሚዘምራቸው «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም»፣ «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» እና «የእግዚአብሔር በግ» መጀመሪያ ተያዙ፤ የብቸኛ ዘማሪው ተራ መጨረሻ መጣ።

መግቢያው ላይ አማቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊልም ላይ ሙሽራ ስትገባ ሁልጊዜ የምንሰማውን። ባለሙያዋ አልተቆጡም። ዜማው የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዋግነር መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1850 ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበው «ሎኸንግሪን» ከተባለው ኦፔራ መምጣቱን ነገሯት። ኦፔራው ውስጥ ዜማው የሚሰማው ሙሽሮቹ ከተጋቡ በኋላ ወደ ጫጉላ ክፍላቸው ሲሸኙ ነው። ጋብቻውም በዚያው ሌሊት ይፈርሳል! በዚህና የመድረክ ሙዚቃ በመሆኑ ብዙ ቁምስናዎች አይቀበሉትም። ከዚያ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጠው ሁለት ሌሎች አማራጮችን አሰሟት። አንደኛው የሙዚቃ ደራሲው ባኽ እ.ኤ.አ. በ1723 ከደረሰው ካንታታ (በዘማሪዎችና በመሣሪያ የሚቀርብ ድርሰት) ነው። ሁለተኛው የጄርማያ ክላርክ ማርሽ (የሰልፍ ሙዚቃ)፣ እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ የተደረሰና ለረጅም ጊዜ የሌላው የሙዚቃ ደራሲ የፐርሴል ሥራ ነው ሲባል የኖረ። አማቴ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ «ይኸው ነው!» አለች። የገባነውም በክላርክ ነው።

«አቬ ማሪያ» የተባለው ዝማሬም ጥያቄ አስነሥቶ ነበር፤ ሁለት የሙዚቃ ደራሲዎች፣ ሹበርትና ጉኖ፣ የየራሳቸው አላቸው። የሹበርቱ ዜማ እ.ኤ.አ. በ1825 የተደረሰው ለዋልተር ስኮት ግጥም ነው፤ የላቲኑ የማርያም ጸሎት በኋላ ነው የተገጠመለት። የጉኖው ደግሞ በባኽ ፕሪሉድ (አጭር የመሣሪያ ድርሰት) ላይ የተሠራ ነው። ባለሙያዋ ሁለቱንም ይጫወታሉ፤ የት እንደሚገባ ግን ይጠነቀቃሉ። በዳዊት ቦታ አይሆንም። ከቅዱስ ቁርባን በኋላ፣ ሰው ጸጥ ብሎ ሲጸልይ፣ የጉኖውን አዜሙልን። ቦታው ልክ ነበር።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት እሳቸውን ማነጋገር ይጠቅማል። በዐቢይ ጾም ኦርጋንና ሌላ መሣሪያ የሚፈቀደው በመደበኛው ዝማሬን ለማጀብ ብቻ ነው፣ ሃሌሉያም አይዘመርም። እንደ ክላርክ ያለ ማርሽ ያማራችሁ ከሆነ ይህን ወቅት አትምረጡ። በስቅለት ዓርብና በቅዳሜ ሹር ደግሞ ጋብቻ ጨርሶ አይፈጸምም። በትንሣኤ ወቅት እሑዶችና በታላላቅ በዓላት የጋብቻው ቅዳሴ ሳይሆን የዕለቱ ቅዳሴ ስለሚቀደስ፣ የመረጣችሁት ንባብ እንዳለ ላይገባ ይችላል። ይህን ሁሉ ገና በመጀመሪያው ስልክ ነው የነገሩን።

አሁን ቅር ያሰኘኝን ልናገር። ቅጹ ደካማ ነው። ምዕራፍና ቁጥር ብቻ ነው የተደረደረበት፤ ጽሑፉ የለም። ሥራ የሚበዛበት ሰው ያንን ሁሉ አንድ በአንድ እየገለጠ አያነብም፤ የሚያውቀውን ቆሮንቶስ 13 መርጦ ይመልሳል። የመዝሙር ቁጥርም ያምታታል። ቅጹ ላይ 128 የተባለው በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 127 ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ መስመር ቢጨመር ምን ነበረበት?

ልምምዱም አጥሮብናል። መሪ ዘማሪዋ ልምምዱ ላይ አልነበረችም፤ ከኦርጋኑ ጋር የተገናኘችው በዕለቱ ጠዋት ነው። ጎበዝ ስለሆነች አልታወቀባትም፤ እኔን ግን አሳስቦኛል። አንባቢዎቹ ማይክራፎኑን ሳይሞክሩ ነው የወጡት። አክስቴ አጭር ናት፤ ማይኩ ከግንባሯ በላይ ቆሞ ስለነበር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ኋላ ላሉት አልተሰማም፤ ዲያቆኑ መጥቶ ዝቅ አደረገላት።

ክፍያውን በተመለከተ ግልጽነት ይጎድላል። የኦርጋን ተጫዋቿና የመሪ ዘማሪዋ ክፍያ ለየብቻ ነው። የራሳችሁን ዘማሪ ብታመጡም የቁምስናዋ ዘማሪ ክፍያ አይቀርም። ይህን የሰማነው ዘመዳችን እንድትዘምርልን ቃል ከገባችልን በኋላ ነው። ሁለቱ ዘማሪዎች ተስማምተው ተካፈሉት እንጂ ደስ የማይል ነገር ሊፈጠር ይችል ነበር። ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ማን ምን እንደሚዘምርና ለማን ምን እንደሚከፈል በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁም ደውሉ፤ የጽሑፍ መልእክት ቶሎ አይመልሱም።